ሂሮግሊፍ፡ ከ1300 ዓመታት በላይ አንባቢ ያጣው ጽሕፈት እንዴት ተፈታ?

በደቡባዊ ግብፅ፣ በፊሌ ደሴት በነበረው የአይሲስ ቤተ መቅደስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 394 ዓ.ም. አንድ ካህን አጭር ጽሑፍ ቀረጸ። ቀኑ በእርግጠኝነት ከሚታወቁት የሂሮግሊፍ ጽሑፎች የመጨረሻው ይህ ነው። ከ3 ሺህ ዓመታት በላይ ያገለገለው ጽሕፈት ከዚያ ወዲህ አንባቢ አጣ።

ለዘመናት በርካታ ምሁራን ሥዕሎቹ ምሥጢራዊ ሐሳቦችን ይወክላሉ ብለው ያምኑ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ የጉጉት ሥዕል ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ወፏን ሳይሆን "ም" የሚለውን ድምፅ ነው።

ምልክቶቹ በሦስት መንገድ ያገለግላሉ። አንዳንዶቹ ድምፅን ይወክላሉ፤ ሌሎቹ የተሣለውን ነገር ራሱን ያመለክታሉ። ሦስተኛዎቹ በንባብ አይሰሙም፤ ከቃሉ መጨረሻ ተቀምጠው ትርጉሙ ከየትኛው ዘርፍ እንደሆነ ይጠቁማሉ።

የቤት ሥዕል አጭር መስመር ሲታከልበት "ቤት" ማለት ነው። የአፍ ምልክትና የሚራመዱ እግሮች ሲከተሉት ግን "ወጣ" ይሆናል። እዚህ ላይ ቤቱ "ፕር" የሚሉትን ድምፆች ይሰጣል፤ አፉ "ር"ን ያጠናክራል፤ እግሮቹ ደግሞ ጉዳዩ እንቅስቃሴ መሆኑን ያሳያሉ።

የግዕዝ ፊደል "በ"ን ከ"ቡ" በቅርጽ ሲለይ፣ ሂሮግሊፍ በመሠረቱ አናባቢን አይጽፍም። ስለዚህ የጥንቱን አነባበብ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

በ1799 የፈረንሳይ ወታደሮች በዓባይ ወንዝ ዴልታ የሮዜታን ድንጋይ አገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 የወጣ ድንጋጌ በሂሮግሊፍ፣ በዴሞቲክና በግሪክኛ ተቀርጾበታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፈው የንጉሥ ቶለሚ ስም በድምፅ እንደሚነበብ አሳየ።

ፈረንሳዊው ዣን ፍራንስዋ ሻምፖሊዮን በ1822 ከዚህ አልፎ ሄደ። እርሱ የጥንታዊውን ግብፅኛ የመጨረሻ መልክ ኮፕቲክን አጥንቶ ነበር። በአንድ ሞላላ ክብ ውስጥ የፀሐይን ሥዕል ሲያይ፣ ፀሐይ በኮፕቲክ "ሬ" መባሏን አስታወሰ፤ ከተከታዮቹ ምልክቶች ጋር አያይዞም "ራምሴስ" ብሎ አነበበ።

ኮፕቲክ ከዕለት ተዕለት መነጋገሪያነት ወጥቶ በዐረብኛ ቢተካም፣ የግብፅ ክርስቲያኖች በቅዳሴያቸው አቆይተውታል። የሮዜታ ድንጋይ በበኩሉ ከ1802 ጀምሮ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። ዛሂ ሃዋስን ጨምሮ የግብፅ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ወደ አገሩ እንዲመለስ ይጠይቃሉ።