ስለ ማንጆ ጎጦችና ስለ ጤና ኬላው መደርደሪያ

በካፋ ዞን በጤና ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ በየሩብ ዓመቱ ከሚያዘጋጃቸው ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የሚከበረውም እጅግ የሚፈራውም «ሽፋን» የተባለው ቁጥር ነው። ከቀበሌው ሕፃናት ስንቱ እንደ ተከተቡ፣ ከነፍሰ ጡሮቹም ስንቶቹ ክትትል እንዳገኙና በጤና ተቋም እንደ ወለዱ የሚናገረው ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ያስመሰግናል፣ ዝቅ ሲል ያስወቅሳል፤ የቀሩት እነማን እንደ ሆኑ ሲጠየቅ ግን ቃል የለውም። እኔ በጤና መኮንንነት በምጎበኛቸው ቀበሌዎች ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ስከታተለው፣ መንገዱ ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰኝ በጫካው ዳር ለብቻቸው ወደ ተቀመጡት የማንጆ ጎጦች ነው።

ማንጆ በካፋ ብቻ ሳይሆን በሸካ፣ በዳውሮና በኮንታም ተበትኖ የሚኖር፣ በጥንት ዘመን በአዳኝነቱ የታወቀ፣ ዛሬ ማገዶና ከሰል ለገበያ እያቀረበ፣ እያረሰም የሚተዳደር ሕዝብ ነው። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 እስከ ተማረከበት ጊዜ ድረስ በቆየው የካፋ መንግሥት የአገሩን በሮች ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ ይኸው ሕዝብ ነበር፤ ነገር ግን አገልግሎቱ ክብር አላተረፈለትም። ሌላው ሰው የማይበላውን የአውሬ ሥጋ ይበላል ተብሎ እንደ ርኩስ ስለ ተቆጠረ፣ ልማዱ ከጎረቤቱ ከካፊቾ ሕዝብ ቤት እንዳይገባ፣ ከአንድ ማዕድ እንዳይቆርስ፣ በአንድ ስኒ እንዳይጠጣ፣ ምግብም ቢሰጠው በኮባ ቅጠል ላይ እንዲቀበል ሲያደርገው ኖሯል። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል፤ ስኒው ግን አንቀጽ አያነብም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ 16 ዐይነት ትምህርትና አገልግሎት ቤት ለቤት እንዲያደርሱ ሲያዝ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑንና የማኅበረሰብ ነርሷን አቀናጅቶ ወደ ገጠር በላከ ጊዜ የተጸነሰውን ሐሳብ ወደ ጎጆው አቅርቦታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ በሙሉ የቆመው ጎረቤት ከጎረቤቱ ቤት ይገባል በሚል እምነት ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም ገደማ የመጣው የጤና ልማት ሠራዊት አንዷ ሴት አምስት ጎረቤቶቿን እንድትመራ ሲያዝ ጎረቤታሞቹ ቡና የሚጠራሩ መሆናቸውን አስቀድሞ ገምቷል። የእናቶች ማቆያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ምጧ የተቃረበ እናት ከሩቅ መጥታ ገንፎው በአንድ ድስት በሚገነፋበት፣ ቡናው በአንድ ጀበና በሚፈላበት ቤት ከሌሎች ጋር ትቆያለች። ይህ ለብዙዎች መጽናኛ ሲሆን፣ ሌሎቹ ስኒያቸውን ሲያሸሹ ለምታየው የማንጆ እናት ግን ውርደት ስለሚሆንባት፣ ምጡን በገዛ ጎጆዋ መጠበቅን ትመርጣለች። ከዚያ በኋላ «ግንዛቤ የላቸውም» ብለን እንጽፋለን። ይህ ቃል ከሪፖርቶቻችን ቢፋቅ ደስ ይለኛል፤ ግንዛቤዋስ የተሟላ ነበር፤ እንዴት እንደምትስተናገድ ከእኛ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

ልማዱ ግን የማይሻገሩት ገደል እንዳልሆነ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ምስክር አለ። ፈጥነው በሚወርዱ ወንዞች ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዐይንን የሚያጠፋው በሽታ ካፋን ለብዙ ዘመን ሲያሠቃይ ከኖረ በኋላ፣ በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሜክቲዛን የተባለው ኪኒን በሕዝቡ አማካይነት መታደል ጀመረ። ዕደላውን የሚያከናውነው ከላይ የተሾመ ሠራተኛ ሳይሆን መንደሩ ራሱ የመረጠው ሰው ነው፤ ቀኑንም መንደሩ ይወስናል፤ ዐዳዩም በዘንግ ቁመትን ለክቶ የኪኒኑን ቁጥር ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። የማንጆ ጎጥ የራሱን ሰው በመረጠበት ስፍራ ኪኒኑ ከደጅ ሳይመለስ ምድጃ ድረስ ሲገባ አይቻለሁ፤ የሰጪው እጅ የወንድም እጅ ነበርና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሕዝብ የጤናውን አጠባበቅ በማቀድም በማስፈጸምም የመሳተፍ መብትና ግዴታ አለው ሲል ይህንኑ ማለቱ ይመስለኛል።

አንዳንድ ወዳጆቼ በመዝገባችን ላይ ጎሣን የሚጠይቅ ዐምድ ይጨመር ይላሉ፤ እኔ አልስማማም፤ በደጅ የተገለለችውን እናት በመዝገብ ደግሞ ምልክት ማድረግ ይሆናልና። ከዚህ የተሻለው መንገድ በእጃችን ነው። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የየቤተሰቡ ማኅደር በጎጥ በጎጥ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ማንጆም በብዛት ለብቻው ስለ ሰፈረ፣ ሽፋኑ በቀበሌ ከሚደመር ይልቅ በጎጥ ቢቆጠር የማንንም ጎሣ ሳይጠይቁ የቀረው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ አንዲት ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ይበቃታል፤ በጀትም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ነገር ግን ውሳኔ ይፈልጋል። መርሐ ግብሩ ሲጀመር ሠልጣኝዋ 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች እንድትሆን ተደነገገ፤ የማንጆ ልጆች ግን በትምህርት ቤት ወንበር እንኳ አብሯቸው የሚቀመጥ ባጡበት አገር፣ ይህ ደንብ ማንንም ሳይጠላ እነርሱን ብቻ አስቀርቷል። በአፋርና በሶማሌ የአርብቶ አደር ቀበሌዎች የተማሩ ሴቶች ባልተገኙ ጊዜ ደንቡ ላልቶ ዝቅ ያለ ትምህርት ያላቸው፣ ወንዶችም ጭምር እንዲሠለጥኑ ተፈቅዷል፤ ሥራውም በዚህ አልፈረሰም። ለአርብቶ አደሩ የተፈቀደው ለጫካው ዳር ነዋሪ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ቦንጋ ላይ የተቀመጣችሁ የክልልና የዞን ጤና ኃላፊዎች፣ የየወረዳውም ሹማምንት፣ በመጪው የሥልጠና ጊዜ የማንጆ ጎጦች ባሉባቸው ቀበሌዎች ከሁለቱ ሠራተኞች አንዷ ከዚያው ጎጥ እንድትመረጥ፣ የጎደላት ትምህርት ቢኖር በማካካሻ እንዲሞላላት አድርጉ። ለማቆያ ቤቶቹም ስኒ በቁጥር ሳይሆን በእኩልነት እንዲታደል ትእዛዝ ጻፉ።