የምስኪኖቹ ዝርዝር አልከፈት ሲል

በዚህ ዕትም ይዘንላችሁ የቀረብነው ጉዳይ ሲሰሙት የጽሕፈት ቤት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። እኛም አንድ ረመዳን ዳንግላ እስክናሳልፍ ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዊ ዞን ዘልቀን የጾሙ መጨረሻ እዚያው ደረሰብን። ባረፍንበት ሰፈር ዘካተል ፊጥር የሚደርሳቸውን ቤተሰቦች ዝርዝር የሚይዘው አንድ ወጣት ነበር። ልጁ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷልና ዝርዝሩን ከሚመዘግብበት ፕሮግራም አውጥቶ በቴሌግራም ላከው። የላከው ሁለት ፋይል ነው፤ አንዱ ኤክሴል፣ ሌላው ደግሞ ስምና ቁጥሩ በኮማ እየተለየ የተጻፈበት፣ ሲኤስቪ የሚባለው ዓይነት። ዒድ ሊደርስ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ለባለመብቱ መድረስ እንዳለበት፣ ከሶላት በኋላ የተሰጠ ግን እንደ ማንኛውም ሰደቃ እንደሚቆጠር አንባብያን ታውቃላችሁ።

አደራውን የተረከቡት አንድ ሐጂ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የጽሕፈት ሰዎች ናችሁ፤ እስቲ ይህን ነገር ክፈቱልኝ» አሉን። የቤታቸው ላፕቶፕ አዲስ ነው። ኤክሴሉን ስንነካው ፕሮግራሙን ግዙ የሚል መስኮት ብቅ አለ። በዶላር የሚከፈል ነው፤ ለዚያውም ካርድ ያለው ሰው ሲገኝ።

ፋይሎቹን በፍላሽ ይዘን፣ ላፕቶፑንም አንጠልጥለን ወደ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሄድን። ባለቤቱ፣ «ክራክ አለኝ፣ አሁኑኑ እጭንላችኋለሁ» አለን። እውነቱን እንናገር፤ እኛም «ጫንልን» አልን። ክራኩ እንዲሠራ የላፕቶፑን የቫይረስ መከላከያ አጠፋና ጫነ። ሲኤስቪውን ሲከፍተው ግን የአማርኛው ስም ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ሆኖ ወጣ። የስልክ ቁጥሮቹም መጀመሪያቸው ላይ ያለችውን ዜሮ ጥለው ዘጠኝ አኃዝ ቀርተዋል። ቤት ገብተን ፍላሹን ስንሰካ ደግሞ ፋይሎቻችን ተሰውረው በየስማቸው ባዶ ሾርትከት ተቀምጧል። ደግነቱ ዋናው ቴሌግራም ላይ ነበር።

ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ የጠየቁን ስለ ቫይረሱ አልነበረም። «ለመሆኑ ያ ፕሮግራም የሰው ንብረት አይደለም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ መጅሊስ በ1409 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1988) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው፣ ሊደፈሩም አይገባም ሲል ወስኗል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሥራዎች ይቆጥረዋል። ዘካን ያህል ነገር በተሰረቀ ፕሮግራም ለማከፋፈል መነሣታችን ያኔ ነው የታወቀን።

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር የሐጂ የወንድም ልጅ ለፍቺ መጥታ ነበር። ክራኩን ከላፕቶፑ አውጥታ፣ መከላከያውን አብርታ፣ ቫይረሱንም ካስፈተሸች በኋላ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን ፕሮግራም ከራሷ ፍላሽ ጫነች። ክፍያ የለውም፤ ቁጥር አስገቡ፣ ካርድ አምጡ አይልም። «ይህስ ከማን የተወሰደ ነው?» ብንላት፣ «ባለቤቶቹ ራሳቸው ኮፒ አድርጋችሁ ለጎረቤት ስጡ ብለው የፈቀዱት ነው» አለች።

እኛም ጉዳዩን መርምረነዋል፤ ልጅቷ ልክ ናት። የፕሮግራሙ ሐረግ የሚመዘዘው ስታርኦፊስ ከተባለ የጀርመኖች ሥራ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛውና በማግሥቱ ዓመት የውስጥ ጽሑፉን ለሕዝብ ክፍት አደረገው፤ ስሙም ኦፕንኦፊስ ተባለ። ሰን በ2010 ለኦራክል ሲሸጥ ብዙዎቹ ሠሪዎች ተለይተው ወጡና በዚያው ዓመት መስከረም ሊብሬኦፊስን መሠረቱ። ለዊንዶውስ የሚሆነው ከ300 ሜጋ ባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት አንድ ጊዜ ከሊብሬኦፊስ ዶት ኦርግ አውርዶ ለሰፈሩ በፍላሽ ማዳረስ ነው። ከሌላ ቦታ አታውርዱ። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

የሌላ ኩባንያ ፋይል እንዴት ሊከፍት ቻለ? ማይክሮሶፍት ከ2007ቱ ኦፊስ ጀምሮ የሚጠቀምበት የፋይል አሠራር በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ታትሟል፤ የአጻጻፉ ሕግ ለሁሉም ግልጽ ነው ማለት ነው። የኤክሴል ወይም የዎርድ ፋይል በእርግጥ የታሸገ ዚፕ ነው፤ በውስጡ ተራ ጽሑፎች አሉ። የፋይሉን ግልባጭ ወስዳችሁ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ብትለውጡት ታዩታላችሁ። ጽሑፉ የእናንተ ነው፤ የሚሸጠው መክፈቻው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ እንመለስ። ሊብሬኦፊስ ሲኤስቪ ሲከፍት መጀመሪያ አንድ መስኮት ያወጣል። ካራክተር ሴት ከሚለው ቦታ «ዩኒኮድ (ዩቲኤፍ-8)» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ፊደላችን ወዲያው ይስተካከላል። መለያው ኮማ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ ከታች በሚታየው ናሙና ላይ የስልኩን ዓምድ ራስ ነክታችሁ ዓይነቱን «ቴክስት» ማድረግ ነው፤ ዜሮዋ አትጠፋም። ይህችን ነገር ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩአት። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ከ15 አኃዝ በላይ ያለን ቁጥር በትክክል አይዙም፤ በፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አኃዝ ይበላሻል። ቁጥር ቢመስልም የማይደመር ነገር ሁሉ ቴክስት ነው።

የቀን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው። እኛ የጥቅምትን ሠላሳኛ ቀን 30/2/2015 ብለን ብንጽፍ የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ 12/5/2015ን ግን የራሱ ቀን አድርጎ ይወስደዋል፣ አንዳንዴም ቀኑንና ወሩን ያገላብጠዋል። አንዱ ዓምድ ላይ ሁለት ዓይነት ቀን ይፈጠራል፤ ቅደም ተከተል ሲያስይዙት ይታመሳል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ኮምፒውተር የሌለው በስልኩ ጉግል ሺትስን በነጻ መጠቀም ይችላል፤ ኤክሴልን ይከፍታል። ይሁንና የምስኪኖችን ስም፣ የቤታቸውን ችግር ኢንተርኔት ላይ ከማስቀመጥ በፊት የሰው ገመና መሆኑን አስቡ። ድሮ የዎርድን ጽሑፍ በነጻ ይከፍት የነበረው ዎርድፓድ ከ2024 የዊንዶውስ 11 ዝማኔ ጀምሮ ስለሌለ እርሱን ተስፋ አታድርጉ። ሊብሬኦፊስም ሁሉን ይችላል አንልም፤ ማክሮ ያለበት ሠንጠረዥ ሊያስቸግር፣ ያማረ ገጽ ሊዛነፍ ይችላል። ጽሑፉን የሚቀበላችሁ ሰው ማንበብ ብቻ ከሆነ የሚፈልገው ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩለት፤ የሚያርመው ከሆነ ደግሞ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ በኤክሴል ዓይነት አስቀምጡለት።

ዳንግላን ካነሣን አይቀር፣ ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስላ ሆኖ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ለክቶ ነበር። መጽሐፉ በ1936 ታተመ። ዛሬም ገልጦ ለማንበብ እንግሊዝኛ ከማወቅ በቀር ምንም አይጠይቅም። የሐጂ ሠፈር ዝርዝር ግን ገና ዓመት ሳይሞላው ተዘግቶብን ነበር።

በዚያች ሌሊት ዝርዝሩ ተስተካክሎ በቤተሰቡ ብዛት ተደለደለ። ልጅቷ እያነበበች ሐጂ ያርሙ ነበር፤ የሞቱ አሉ፣ ቤት የለወጡ አሉ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈም ነበር። ለሱሁር ስንነሣ ወረቀቱ ታትሞ ጠበቀን። በዒድ ዋዜማ እህሉ በየቤቱ ደረሰ፤ አልሐምዱ ሊላህ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሐጂ የቀድሞ ዓመታትን መዝገብ በአንድ አሮጌ ሲዲ አቆይተው ነበር፤ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ እንዲህ ያሉት የድሮ ጽሑፎች በውስጣቸው የፈረንጅ ቁጥር ተሸክመው ነው የሚኖሩት፤ ፊደሉ ካልተጫነ ሊብሬኦፊስም ሆነ ኤክሴል ቅራቅንቦ ነው የሚያሳዩት። ፊደሉን የጫነ ኮምፒውተር እስኪገኝ ልጅቷ ሲዲውን ግልባጭ አድርጋ ወሰደችው። ከተቻለ እየቀየረች፣ ካልተቻለም እያየች እንደገና ልትተይበው ነው። ሐጂም የሞቱትን ስም አንድም ሳታስቀሪ ብለዋታል።