አንድ ከተማ፣ አራት ባንዲራ፦ የጠበቃው የአንዋር ኑሴይባ የሥራ ዘመን

አንድ ሰው በ1913 ኢየሩሳሌም ተወልዶ በ1986 እዚያው ኢየሩሳሌም ቢሞት፣ በዕድሜው ስንት መንግሥት አየ ትላለህ? (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሲወለድ የቱርክ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ የእንግሊዝ፣ ሲጎለምስ የዮርዳኖስ፣ ፀጉሩ ሲሸብት የእስራኤል። የገዛ ሕዝቡ መንግሥት ግን በከተማይቱ ላይ ሲቆም አላየም። የፍልስጥኤማዊው ጠበቃ የአንዋር ኑሴይባ ሕይወት እንዲህ ያለ ነበር።

የኑሴይባን ቤተ ሰብ ኢየሩሳሌም የተሳለመ ኢትዮጵያዊ ስሙን ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል። መነኮሳቶቻችን በዴር ሱልጣን ጣሪያው ላይ የሚኖሩበት የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ትልቁ በር የሚከፈተው በእስላሞች እጅ ነው። ቁልፉን የሚያስቀምጠው የጁዳ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የኑሴይባ ቤተ ሰብ ነው። ክርስቲያኖቹ እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ ገለልተኛ ሰው አስፈለገ ማለት ነው። አንዋር እንግዲህ የዚህ ቤት ልጅ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሕግ ተምረው ሲመለሱ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በዳኝነት ሠሩ፣ ሕግም አስተማሩ። ኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጥኤምን ለሁለት እንድትከፈል ወሰነ፤ ጦርነት ተነሳ። አንዋር በኢየሩሳሌም የአረቦች ብሔራዊ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው በ1948 ቆሰሉ፤ አንድ እግራቸው ተቆረጠ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጋዛ ውስጥ «የመላው ፍልስጥኤም መንግሥት» ታወጀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አህመድ ሂልሚ ፓሻ ነበሩ፤ አንዋር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኑ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ መንግሥቱ እኮ ገንዘብ የለው፣ የራሱ የሚባል ጦር የለው፣ ጋዛም ብትሆን በግብፅ ሠራዊት እጅ ነበረች። የዮርዳኖሱ ንጉሥ አብደላ ደግሞ ጭራሽ አናውቀውም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ባለ ሥልጣኖቹ ካይሮ ገብተው ቀሩ፤ ስሙም በ1959 ተሰረዘ።

ታዲያ አንዋር ምን አደረጉ? ሰውን የሚያከራክረው እዚህ ላይ ነው። ጋዛ ላይ የፍልስጥኤም መንግሥት ጸሐፊ የነበሩት ሰው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1950 ለዮርዳኖስ ፓርላማ የኢየሩሳሌም ተመራጭ ሆነው ተገኙ። ያ ፓርላማ 40 መቀመጫ ሲኖረው፣ ሃያው ለዮርዳኖስ ወንዝ ምሥራቅ፣ ሃያው ለምዕራቡ ነበር። ያን መንግሥት አላውቀውም ያለውም ይኸው ዮርዳኖስ ነው! ከሃዲ እንበላቸው? ለእኔ እንዲህ ቸኩሎ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም። ሚያዝያ 1950 ፓርላማው ሁለቱን ዳርቻዎች ሲያዋህድ፣ ውሳኔው የአረቦች መብት በፍልስጥኤም ላይ እንደተጠበቀ መሆኑንና የመጨረሻውን መፍትሔ እንደማይጎዳ የሚል ቃል ነበረው። ጠበቃ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለች ዐረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። መሬት በእጅ ባይኖርም መብት በወረቀት ላይ ይቆያል። ወረቀቱ ግን መሬቱን አላስመለሰም፤ ይህን የሚል ተቺም አልተሳሳተም።

ከዚያ በኋላ ሹመቱ ተከታተለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አጋማሽ የመከላከያ፣ የትምህርትም ሚኒስትር ሆኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢየሩሳሌም ገዥ፣ ቀጥሎም በለንደን የዮርዳኖስ አምባሳደር ነበሩ። ጦር ሜዳ እግሩን የሰጠ ሰው መከላከያን ሲመራ የሚሰማውን እርሱ ያውቃል።

ሰኔ 1967 እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ያዘች፣ ሕጓንም ዘረጋችባት። አንዋር ከተማቸውን አልለቀቁም። ሥልጣን የሌላቸው የቀድሞ ሚኒስትር ሆነው፣ ከእስራኤል ሹማምንት ጋር እየተነጋገሩ፣ የሚወቅሳቸውን እየሰሙ ኖሩ።

የመጨረሻ ሥራቸው ደግሞ የመብራት ነው! የኢየሩሳሌም አውራጃ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሊቀመንበር ሆኑ። ይህን እንደ ጡረታ ሥራ የሚያይ ካለ ተሳስቷል፤ በምሥራቅ ኢየሩሳሌምና በአካባቢዋ በአረቦች እጅ ከቀሩት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ነበርና። የእስራኤል መንግሥት ኩባንያውን ገዝቶ ሊጠቀልለው በተነሳ ጊዜ ነገሩ እስከ እስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱ በ1981 ተሰጠ፤ በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በኩል መንግሥት የኩባንያውን መብት መግዛት ይችላል፣ በምዕራቡ ዳርቻ ግን የጦር አስተዳዳሪው ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ነበር። ግማሽ ድል ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ኩባንያው ለደንበኞቹ የሚያድለውን ኃይል በአብዛኛው የሚገዛው ከዚያው ከእስራኤል የኤሌክትሪክ ድርጅት መሆኑ ነው። አንዋር ኅዳር 1986 ሲሞቱ ሊቀመንበር ነበሩ፤ ኩባንያው ዛሬም አለ።