የሙከራ መረብ ውድድር የሚፈትነው ማንን ነው?

ብሎክቼይን መዝገቡን ለአንድ መሥሪያ ቤት አይተውም፤ በየቦታው የተቀመጡ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅጂውን ይይዛሉ፤ አዲስ ብሎክ ሲቀርብም መርምረው ይፈርማሉ። እነዚህ አረጋጋጮች ይባላሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት ከሚሸጥላቸው የቢትኮይን ማሽኖች ጋር አይምታቱ፤ የአረጋጋጭ የመብራት ፍጆታ ከአንድ ተራ ኮምፒውተር ብዙም አይበልጥም። ብዙ መረቦች ለሕዝብ ከመከፈታቸው በፊት ሳንቲሙ ዋጋ የሌለው የሙከራ መረብ ይዘረጋሉ፤ ፈቃደኞችም ኮምፒውተራቸውን አስነስተው ይወዳደራሉ። ኮስሞስ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ እንዲህ ያለ ውድድር አካሂዶ በመጋቢት 2019 ዋናውን መረብ ከፈተ። ካርዳኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሽልማት ያለው የሙከራ መረብ ጀመረ። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ ካርዳኖን የሠራው አይኦኤችኬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መስማማቱን አስታውቋል። የደብረ ማርቆስ ተማሪ ውጤት እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ከሆነ፣ መዝገቡን እነማን እንደሚያረጋግጡ መጠየቅ የእርሱም ጉዳይ ነው።

ብዙዎቹ ውድድሮች ነጥብ የሚሰጡት ሳይቋረጥ ለቆየ ነው፤ እንከኑም እዚህ ላይ ነው። በኮስሞስ ደንብ ካለፉት 10,000 ብሎኮች 5 በመቶውን እንኳ ያልፈረመ አረጋጋጭ «ይታሰራል»፤ በዋስትና ካስያዘው ገንዘብም 0.01 በመቶ ይቀነሳል። ሰዓቱ ሲሰላ ከአንድ ቀን ያነሰ መጥፋት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያንን ክፍተት የትኛውም ሙያ አይሞላውም። እድር እንኳ የቀረን ሰው ሲቀጣ ምክንያቱን ይሰማል፤ መረቡ ግን ሰበብ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። የባሰ ቅጣት የሚደርስበት ደግሞ መቋረጥ ፈርቶ በአንድ የፊርማ ቁልፍ ሁለት ማሽን የሚያቆም ሰው ነው። የደብረ ማርቆሱ ማሽን ሞቷል ብሎ የአዲስ አበባውን ሲያስነሳ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ብቻ ከነበረ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ይህ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። ቅጣቱ 5 በመቶ ነው፤ ያ አረጋጋጭም ዳግመኛ አይመለስም። ጥንቃቄው ራሱ ከመቅረቱ 500 እጥፍ ያስቀጣዋል ማለት ነው።

የማይቋረጥ መስመር ያለው ብቻ ይወዳደር፣ መረብ በደካማ አባላት አይቆምም የሚል ይኖራል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። እንዲህ ያሉ መረቦች የሚቆሙት ከአረጋጋጮቹ ድምፅ አንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ነው፤ እዚህም እዚያም የሚጠፉ ጥቂት ማሽኖች ምንም አያደርጓቸውም። በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. የኢቴሪየም የሙከራ መረብ ሜዳላ የተናጋው አብዛኛው አረጋጋጭ ፕሪዝም የተባለውን አንድ ሶፍትዌር ስለሚጠቀምና የእርሱ ሰዓት ስለተሳሳተ ነበር። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሄትዝነር የተባለው የጀርመን ማሽን አከራይ ኩባንያ የሶላና መረብ ማሽኖችን ከአገልግሎቱ ሲያግድ ከመረቡ ድምፅ 20 በመቶ ያህሉ በአንዴ ጨለመ። ተመሳሳይ ሶፍትዌርና ተመሳሳይ ሕንፃ፣ ምንም ያህል የማይቋረጥ ቢመስል፣ አብሮ የሚወድቅ ነገር ነው። ለሙከራ መረብ አዘጋጅ የደብረ ማርቆሱ አረጋጋጭ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ነው፤ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ መስመርን መረቡ እንዴት እንደሚሸከም ያሳያል፤ በጀርመን ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ ማሽኖች ይህን ሊያሳዩ አይችሉም። ስለዚህ ነጥቡ ከተቋረጠ በኋላ ምን ያህል በፍጥነትና ያለ ድርብ ፊርማ እንደተመለሰ ቢለካ ውድድሩ የታለመለትን ይፈትናል።

«ታዲያ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ በጀርመን ማሽን መከራየት አይቻልም ወይ?» ይቻላል፤ ለተወዳዳሪው እንዲያውም ብልህነት ነው። ነገር ግን በአዘጋጁ ሪፖርት ላይ ኢትዮጵያዊ አረጋጋጭ ተብሎ ይቆጠርና የሚሠራው ማሽን ከእነዚያው የጀርመን ማሽኖች ጋር አብሮ ይወድቃል።

የሕጉ ጥያቄ ከበድ ይላል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። የሙከራ ሳንቲም ዋጋ ስለሌለው ውድድሩ ራሱ ከግብይት ጋር አይገናኝም፤ ሽልማቱ በዋናው መረብ ሳንቲም ሲከፈል ግን አሸናፊው ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። አዘጋጆቹ ሽልማቱን በባትሪ፣ በኢንቨርተርና በሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ክፍያ ቢያደርጉት ይህ ስጋት ይቀላል፤ የአረጋጋጩም ማሽን በሚቀጥለው ዙር መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም።