ስንት ቅጠል አወጣ?

በስንዴ አብቃይ ወረዳዎች ስዞር፣ ለገበሬው በምንሰጠው የምክር ወረቀት ላይ ዘወትር የማገኘው የቀን ቁጥር ነው። ዩሪያው በተዘራ በ35ኛው ቀን፣ የአረም መድኃኒቱ ቱ ፎር ዲ በ30ኛው ቀን ይላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ይህንኑ ይዞ ከማሳ ማሳ ይመላለሳል። ስንዴ ግን በቀን አያድግም፤ የሚያድገው ባገኘው ሙቀት ልክ ነው። ምን ያህል ሙቀት እንዳጠራቀመም የቅጠሉ ብዛት ይነግረናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1735 እ.ኤ.አ. የየዕለቱን ሙቀት እየደመረ ሰብል የሚደርስበትን ጊዜ ለማስላት ሞክሮ ነበር። ዛሬም ስሌታችን መሠረቱ ያው ነው። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምረን ለሁለት እናካፍላለን፣ የተገኘውን አማካይ በየቀኑ እንደምራለን። ለስንዴ መነሻው 0 ዲግሪ ስለሚያዝ ከአማካዩ የሚቀነስ የለም። ድምሩ 100 ገደማ ሲሞላ አንድ ቅጠል ይወጣል። እንደ ዝርያው ዝቅ ወይም ከፍ ሊል ይችላል፤ ለማሳ ሥራ ግን 100 ይበቃል።

እስቲ ሦስት ማሳ እናስብ። አንዱ አማካይ ሙቀቱ 13 ዲግሪ በሆነ ደጋ፣ ሌላው 16 ዲግሪ በሆነ ወይና ደጋ፣ ሦስተኛው በበጋ በመስኖ በሚዘራው የአዋሽ ሸለቆ፣ 22 ዲግሪ ላይ ነው። ዘሩ ከአፈር ብቅ እስኪል 130 ያህል፣ አራት ቅጠል እስኪያወጣ ደግሞ ሌላ 400 ይፈልጋል። ይህ ደጋው ላይ 41 ቀን፣ ወይና ደጋው ላይ 33፣ አዋሽ ላይ 24 ቀን ይፈጃል። ወረቀቱ አንድ፣ ዝርያው አንድ፣ ልዩነቱ ግን 17 ቀን! ከፍታ 1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የተራራው ቀበሌና የወንዙ ዳር ቀበሌ እኩል አይደርሱም።

ነገሩ ስሌት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅሁ። ቱ ፎር ዲ መረጨት ያለበት ስንዴው ማቆጥቆጥ ከጀመረ በኋላ፣ አንጓ ከመሥራቱም በፊት ነው። ቀድሞ ከተረጨ ዛላው ይጣመማል። በ30ኛው ቀን የደጋው ስንዴ ሦስተኛ ቅጠሉን እንኳ ዘርግቶ አልጨረሰም። የአዋሹ በ35ኛው ቀን ስድስት ቅጠል አልፏል፤ ዩሪያውን የሚፈልግበት ጊዜ እየሸሸ ነው። አንደኛው ቀድሞ መድኃኒት ይጠጣል፣ ሌላኛው ዘግይቶ ማዳበሪያ ያገኛል፤ ሁለቱም ገበሬዎች የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ቅጠል መቁጠር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ዓይን ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ አፈሩን ወግቶ የሚወጣው ፈዘዝ ያለ ሽፋን ቅጠል አይደለምና አይቆጠርም። የመጀመሪያው ቅጠል ጫፉ ዶልዶም ያለ ነው፣ ተከታዮቹ ሹል ናቸው። የሚቆጠረው ዋናው ግንድ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ከጎን ያቆጠቆጠው አይገባም። በመውጣት ላይ ያለውን ቅጠል ከበታቹ ካለው ጋር አስተያይቼ፣ ግማሹን ከደረሰ ሦስት ተኩል ወይም አራት ተኩል ብዬ እመዘግባለሁ። ይህን አቆጣጠር ያስተዋወቀው ሃውን የተባለ ተመራማሪ ነው፣ በ1973 እ.ኤ.አ.። የታችኞቹ ቅጠሎች ቶሎ ደርቀው ስለሚረግፉና ቆጠራው ስለሚምታታ፣ ሦስተኛው ቅጠል ሥር ቀይ ክር ላላ አድርጌ አስራለሁ። አራተኛው ብቅ ሲል፣ በመጀመሪያው ቅጠል ብብት ውስጥ የመጀመሪያዋ ቁጥቋጦ ትታያለች። ይህችን ያየ ሰው የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም።

በሞረትና ጅሩ ወረዳ ጥቁር አፈር ላይ ያሉ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ስንዴው ሰነፈብኝ፤ ዩሪያ ብጨምርለት ቅጠሉ አይፈጥንም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይፈጥንም፣ አባባ። ዩሪያ ቅጠሉን ያሰፋዋል፣ ቁጥቋጦውን ያበዛዋል። ፍጥነቱ የሙቀት ነው።»

«ታዲያ የጎረቤቴ በአንድ ቀን ተዘርቶ ለምን ቀደመኝ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። አብረን ሄደን ስናይ የእርሳቸው ማሳ የታችኛው ጎን ውኃ ተኝቶበታል፤ የጎረቤታቸው በመደብና በቦይ ተንጣፍፏል። ስንዴ አንጓ እስኪሠራ ድረስ አዳዲስ ቅጠል የሚፈልቅበት የእድገት እምብርቱ አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ጭንቅላታችን ላይ ያለውን አየር ሳይሆን የአፈሩን ሙቀት ነው። ውኃ የጠጣ አፈር ቶሎ አይሞቅም፤ ሥሩም አየር ያጣል፣ ናይትሮጂኑም ይባክናል። በዚህ ላይ ዩሪያ መጨመር ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ቦይ መውጣት አለበት። የዚሁ ወረዳ የኢነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብ ሲያወጡ የኖሩት በከንቱ አይደለም። እጅግ አድካሚ ሥራ ነው፤ ለዚህ ዕውቀት የሚገባውን ክብር የሰጠነው አይመስለኝም።

የበቆሎ ገበሬ ደግሞ የእድገት እምብርቱ የት እንዳለ ቢያውቅ ከሁለተኛ ዘር ወጪ ይድናል። በረዶ ቡቃያውን ሲከተክተው ብዙ ሰው በማግሥቱ ገልብጦ ሊያርስ ይነሳል። በቆሎ እስከ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቅጠል ድረስ እምብርቱ መሬት ውስጥ ነው። ጥቂት ቡቃያዎች ነቅለን ግንዳቸውን ከላይ ወደ ታች በምላጭ ብንሰነጥቅ ይታያል፦ እምብርቱ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከላላ ሞቷል። ሕያው ከሆነ ሳምንት መታገሥ ይሻላል፤ ሞቃት ቦታ ላይ በሦስት በአራት ቀን አዲስ ቅጠል ይወጣል። ከስድስተኛው ቅጠል በኋላ ግን እምብርቱ ከመሬት በላይ ስለሚሆን፣ ግንዱ ከእርሱ በታች ከተቆረጠ ተስፋ የለውም።

አሁን የምጠይቀው የምክር ወረቀቱ እንዲስተካከል ነው። ከቀኑ ጎን የቅጠል ቁጥር ይታተምበት። ለዩሪያ የመጀመሪያዋ ቁጥቋጦ ስትታይ፣ ለቱ ፎር ዲ ከአራተኛው ቅጠል በኋላ አንጓ ሳይሠራ፣ ለፀረ ዋግ መድኃኒት የመጨረሻው ቅጠል ሲዘረጋ ተብሎ ይጻፍ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከማሳው ራስ፣ ከመሐሉና ውኃ ከሚተኛበት ግርጌ ጥቂት ጥቂት ተክል ይዞ ከገበሬው ጋር ይቁጠር፤ የሦስቱ ቦታ ቁጥር ከተለያየ፣ ዩሪያው ከመበተኑ በፊት ግርጌው ለምን እንደዘገየ አብረው ይመርምሩ።