ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመምና የተንቀሳቃሽ ስልክ ክትትል

ከደባርቅ ጎንደር ለመድረስ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተራራ መንገድ አለ። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለሚመጣ ደግሞ ጉዞው ይብሳል። ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው በቀጠሮው ዕለት ደኅና ሆኖ ይመጣና ሕመሙ ሲያገረሽበት ከሐኪሙ ርቆ ይገኛል። ይህን ክፍተት በተንቀሳቃሽ ስልክ መሙላት ይቻል ይሆን?

አልሰራቲቭ ኮላይትስና ክሮንስ በሚባሉት ሕመሞች የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ አግባብ ተነሣሥቶ የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላል። በኔዘርላንድስ በአራት ሆስፒታሎች 909 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ግማሽ ያህሉ ስለ ሕመማቸውና ስለ መድኃኒታቸው በመተግበሪያ ለሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጡ ነበር፤ መልሱ አሳሳቢ ሲሆን ባለሙያ ያነጋግራቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ እነዚህ በአማካይ 1.55 ጊዜ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 2.34 ጊዜ ወደ ተመላላሽ ክሊኒክ ሄደዋል።

አንጀት ሲቆጣ ወደ ሥፍራው የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ፤ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአንዳንድ አገሮች ሕመምተኛው ሰገራውን በቤቱ ይመረምራል፤ የስልኩ ካሜራም በመመርመሪያው ላይ የሚታየውን መስመር ድምቀት ወደ ቁጥር ይለውጣል።

ቁጥሩ ግን ቁጣ መኖሩን እንጂ መንሥኤውን አይናገርም። በአገራችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከአሜባ ወይም ከሺጌላ፣ የቆየ የሆድ ቁርጠትና ክሳት ከአንጀት ቲቢ ሊመጣ ይችላል። የቲቢ ሕመምተኛን በስሕተት መከላከያን በሚያዳክም መድኃኒት ማከም ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል፣ የስልኩ ክትትል ከመጀመሩ በፊት ሆስፒታል ወርዶ መመርመር ግድ ነው።

ከሆስፒታል ውጭ መከታተል ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች በሠለጠኑ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲታዩ አድርገዋል፤ የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ክትትላቸውን ለምን እንደሚያቋርጡም አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። የአንጀት ሕመም ክትትልም በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይሻላል እንላለን። ስማርት ስልክ በሌለበት ነርሷ በተራ ስልክ ደውላ ልትጠይቅ ትችላለች፦ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ሄዱ? ደም ነበረው? ሌሊት ከእንቅልፍ ቀሰቀሰዎ? መተግበሪያውም ቢሆን ነጥብ የሚያወጣው እነዚህን የመሰሉ መልሶችን ደምሮ ነው። (ስልኩ የቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ ስለ ሰገራ በሰው ፊት መናገር እንደሚያሳፍር አይዘነጋም፤ የጥሪውን ሰዓት አስቀድሞ መስማማት ይረዳል።) ነጥቡ ከፍ ባለ ጊዜ መድኃኒት የሚያስተካክልና አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሆስፒታል የሚልክ ባለሙያ በደባርቅም በዳባትም ከሌለ ግን፣ ሕመምተኛው የሚልከው መልስ ሰሚ አያገኝም።