እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፡ የፒያኖን ጥበብ ከያሬዳዊ ዜማ ጋር ያገናኙት መነኩሴ

ኢትዮጵያዊቷ የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 17/2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ሲያርፉ፣ ድርሰቶቻቸው በአሜሪካና በአውሮፓ የሚደመጡ፣ በፊልሞችም የሚሰሙ ሆነው ነበር።

ይህ ዝና ግን የመጣው እሳቸው የሙዚቀኝነትን መንገድ ትተው ከመነኮሱ ከ60 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። እማሆይ ዝናን አልፈለጉም፤ ከሙዚቃቸው የሚገኘውንም ገቢ ለችግረኞች እንዲውል ነበር የፈቀዱት።

ለመሆኑ ገዳም የገቡት ሙዚቀኛ ወደ ፒያኖ እንዴት ተመለሱ? ድርሰቶቻቸውስ ከሌሎች የሚለዩት በምንድን ነው?

ከስዊዘርላንድ እስከ ካይሮ

በዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ የሚባሉት እማሆይ የተወለዱት እአአ በታኅሣሥ 1923 በአዲስ አበባ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩ፣ በዘመኑ ከታወቁት የመንግሥት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ስንዱ ኋላ ደራሲና በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ለመሆን የበቁት ናቸው። የውብዳር ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር የተዋወቁት በዚያው በስዊዘርላንድ ነበር።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ወረረች። እአአ በ1937 ቤተሰቡ በግዞት ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከቤተሰባቸው ሦስት ሰዎች በወራሪው ተገድለዋል።

ከነጻነት በኋላ ወደ ካይሮ አቅንተው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በቀን ለዘጠኝ ሰዓታት ያህል ይለማመዱ ነበር፤ አራቱ ሰዓት ለቫዮሊን፣ አምስቱ ደግሞ ለፒያኖ። በኋላም መምህራቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ቡድን መርተዋል።

የቀረው የለንደን ጉዞ

ወጣቷ ሙዚቀኛ በለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ የመማር ዕድል አገኙ። ይሁንና ጉዞው ሳይፈቀድላቸው ቀረ።

ኀዘናቸው ከባድ ነበር። ለ12 ቀናት ያህል እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ሰውነታቸው ተዳክሞ ሆስፒታል ገቡ። ከሞት አፋፍ ተመልሰው ቅዱስ ቁርባን ከተቀበሉ በኋላ ልባቸው ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

በ19 ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ተሰውረው ወሎ ወደሚገኘው ግሸን ማርያም ገዳም ሄዱ። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፤ ስማቸውም ጽጌ ማርያም ሆነ። በተራራው ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጭቃ ቤት እያደሩ አሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። በዚያ ፒያኖ አልነበረም።

የቆሎ ተማሪዎቹ

ወደ ሙዚቃ የመለሳቸው የራሳቸው ናፍቆት ብቻ አልነበረም። እአአ በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር በነበሩበት ወቅት የቆሎ ተማሪዎችን ኑሮ ተመለከቱ። ልጆቹ ቀን እየለመኑ ይማራሉ፤ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሜዳ ላይ ያድራሉ።

እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ነው። እአአ በ1967 በንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን ታተመ። ከእሱና ከተከታዮቹ የተገኘው ገቢ ለበጎ አድራጎት ዋለ። ሕፃናት ማሳደጊያ ከተረዱት መካከል ይገኝበታል።

ሙዚቃቸው በምን ይለያል?

የእማሆይን ድርሰት የሚሰማ ሰው ሁለት ዓለሞችን በአንድነት ያገኛል። አንደኛው በአውሮፓ ክላሲካል ሥልጠና የተገራው የእጅ ጥበብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአምስት ድምፆች የሚመላለሰው የኢትዮጵያ ቅኝትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው።

ይህን ማጣመር ቀላል አይደለም። የመሰንቆ ተጫዋች ጣት ወይም የመሪጌታ ጉሮሮ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሊያልፍ ይችላል። የፒያኖ ቁልፍ ግን የሚሰጠው ተለይቶ የተቃኘውን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እማሆይ ይህን ክፍተት የሞሉት ዋናውን ድምፅ በሚያጅቡ ፈጣንና ስስ ንክኪዎች ነው።

ምቱም እንደ ዜማው ነው። ሰዓት እንደሚቆጥር መሣሪያ እኩል አይራመድም፤ ይዘገያል፣ ይቸኩላል፣ ቆም ብሎም ይተነፍሳል። ከዚህ የተነሣ በምዕራቡ ዓለም ከጃዝና ከብሉዝ ጋር የሚያመሳስሉት አድማጮች ብዙ ናቸው። መነሻው ግን ሌላ ነው።

በከረጢት የቆዩ ወረቀቶች

እማሆይ እአአ በ1984፣ በደርግ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ለቀው በኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም መኖር ጀመሩ። በጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ፒያኖ ነበራቸው። ከኢትዮጵያ ከመውጣታቸው በፊት ቤት ውስጥ በካሴት የቀዷቸው፣ ስለ አገርና ስለ ናፍቆት በአማርኛ የሚያንጎራጉሩባቸው ዜማዎችም ነበሩ።

እአአ በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጁት "ኢትዮፒክስ" የተሰኘው ተከታታይ አልበም 21ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሥራዎች ሰጠ። በርካታ የውጭ አድማጮች የሰሟቸው ያኔ ነው።

ሆኖም የተቀዳ ድምፅ ብቻውን ድርሰትን አያቆይም፤ ሌላ ሰው እንዲጫወተው ኖታ ያስፈልገዋል። እማሆይ በከረጢት አጭቀው ያኖሯቸውን በእጅ የተጻፉ በርካታ ገጾች ለእስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒትዝ አስረከቡ። ገጾቹ ተለቅመውና ተስተካክለው እአአ በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ፤ ሥራዎቹም በኢየሩሳሌም በኮንሰርት ቀረቡ።

በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ዓላማ ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ መርዳት ነው። በካሴት የተቀዱት ዜማዎቻቸውም ካረፉ በኋላ፣ እአአ በ2024፣ በአልበም ወጥተዋል። ወደ ለንደኑ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ያልተፈቀደላቸውን የደራሲዋን ድርሰት፣ ዛሬ ፒያኖ ያለው ማንኛውም ተማሪ ኖታውን ዘርግቶ ሊለማመደው ይችላል።